የግቢ የመጀመሪያ ሳምንት፦ ዶርም ገብቶ ለመደላደል ዝርዝር መመሪያ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ፣ ከአዲስ ገቢዎች ብዙዎቹ ጥቂት ሌሊት ዶርም አድረው ያውቃሉ። ለፈተና ማደርና ለመኖር መግባት ግን ይለያያሉ። ለፈተናው ማንም ሎከር አልተረከበም፤ ከማያውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ ብሎም አልተስማማም። ዓመቱን ሙሉ የሚያስቸግሩ የዶርም ጣጣዎች በአብዛኛው የሚጀምሩት በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ነው፤ ሳይቆጠር በተፈረመ የንብረት ቅጽ፣ ሳይፈተሽ በተነጠፈ ፍራሽ፣ "በኋላ እንነጋገርበታለን" በተባለ ጉዳይ። ይህ መመሪያ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ነገሮቹ በሚመጡበት ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ከቤት ሳትወጡ

የዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ ላይ የሚጠየቁት ነገሮች ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያዩም፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። የእያንዳንዱን ሰነድ ኮፒ በሦስት አባዙ፤ ፎቶው ከስምንት አይነስ። መታወቂያ፣ ክሊኒክና ውል የሚያስፈርመው ክፍል በየፊናቸው ስለሚጠይቁ አራት ፎቶ ይዞ የመጣ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት ፍለጋ ከተማ ይወጣል። ዋናዎቹን ሰነዶች ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በትከሻ ቦርሳ ያዙ። አውቶቡስ ላይ የሚጫን ሻንጣ ዝናብ ይመታዋል፣ በስህተትም ሌላ ሰው ይዞት ሊወርድ ይችላል። ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደል መያዙንም አረጋግጡ። ልዩነት ካለ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ቅርብ ሳለ ማስተካከል በጣም ይቀላል።

ዩኒቨርሲቲው አልጋና ፍራሽ ይሰጣል። የሚለበሰው ከእናንተ ነው፦ አንድ ወፈር ያለ ብርድ ልብስ፣ ሁለት አንሶላ፣ ሁለት የትራስ ልብስ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል፤ በዝናብ ወቅት አንሶላ በአንድ ቀን አይደርቅም። የምትሄዱበትን አየር ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ሁለተኛ ብርድ ልብስና ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የተመደበ ተማሪ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ቢሄድ ቦታ ማጣበብ ነው። ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ደግሞ ወባ ስላለ አጎበር ግዴታ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አዲስ አጎበር ከተፈታ በኋላ ጥላ ቦታ ላይ ለ24 ሰዓት ተሰቅሎ ይናፈስና ከዚያ አልጋው ላይ ይታሰራል፤ ሳይናፈስ ከተኙበት ፊትና ዓይን ሊያሳክክ ይችላል።

የቀረውን ቀለል አድርጉት። ሎከሩ ጠባብ ነው፤ አንድ ሻንጣና አንድ የትከሻ ቦርሳ ይበቃል። ሳፋ፣ ባልዲና ጀሪካን ከቤት አትሸከሙ፣ ግቢው በር ላይ አይጠፉም። ከቤት መምጣት ያለባቸው ትንንሽ ነገሮች ግን አሉ፦ ሁለት ጠንካራ ጓጉንቸር (አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለሻንጣ)፣ የሻወር ነጠላ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ መርፌና ክር፣ የልብስ ገመድ። ሴት ተማሪዎች የሁለት ወር ሞዴስ ይዘው ቢገቡ ይመረጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሱቁ የት እንዳለ ሳይታወቅ፣ ምዝገባ ላይም ተሰልፎ እያለ ያስፈልጋል።

ስንቅ ሲዘጋጅ የሚበላሽና የማይበላሽ ይለይ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወራት ይቆያሉ። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ በሶ አንድ ሴሚስተር ያስኬዳል፤ እራት ያመለጠ ቀን አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ በስኳር መትቶ መጠጣት ሌሊቱን ያሳልፋል። ዳቦ፣ እንጀራና ወጥ ግን በሁለትና ሦስት ቀን መበላት ስላለባቸው የመጀመሪያው ምሽት የዶርም ማዕድ አድርጓቸው። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ጣሳ ያልተቀመጠ ስንቅ አይጥና ጉንዳን ይጠራል፤ ያ ደግሞ የስምንቱም ሰው ችግር ይሆናል።

ስቶቭ፣ የውኃ ማፍያ ሽቦ፣ ቢላዋ፣ ጫትና መጠጥ በር ላይ ፍተሻ ይይዛቸዋል። በዓመቱ መጀመሪያ ስማችሁ ጥበቃ ዘንድ እንዲመዘገብ የሚያደርግ ዕቃ ይዛችሁ አትምጡ።

የመድረሻው ቀን

በተጠራችሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ብርሃን ሳለ ድረሱ። የዘገየ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን አልጋ ነው፤ ማታ የደረሰ ደግሞ ፕሮክተሩን (የዶርም ብሎኩን ተቆጣጣሪ) ላያገኝ ይችላል። በምዝገባ ሰሞን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መናኸሪያ ድረስ አውቶቡስ ይልካሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም የተጻፈበትን ባነርና ባጅ ያደረጉ ተማሪዎችን ፈልጉ። ባጅ የሌለው ሰው "ሻንጣህን ልያዝልህ፣ ሻንጣሽን ልያዝልሽ" ቢል አመስግኖ ማለፍ ነው። ብር በኪስ አታብዙ፤ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን በጥሬ፣ የቀረውን በባንክ ወይም በቴሌብር ያዙ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትንገሩ።

የዶርም ድልድል በብሎክ በር ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በብዙ ቦታ የሚደለደለው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ለዚህ ነው አንድ ዶርም ውስጥ ሦስት አበበና ሁለት አበራ የሚገናኙት። ስሙን ያጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ፊደል ላይ እየፈለገ ነው፤ ጸጋዬ በቲም በኤስም ሊጻፍ ይችላል። በሁለቱም ካጣችሁት ሌላ ዶርም ውስጥ "ለጊዜው" ከመግባታችሁ በፊት የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ጠይቁ። ያልተመደቡበት ክፍል የገባ ተማሪ ባለቤቱ ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ የራሱም አልጋ እስከዚያ ሊያዝ ይችላል። የጉዳት ወይም የሕመም ምክንያት ያለባችሁ፣ ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራችሁ ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ደግሞ የሐኪም ወረቀት አሳይታችሁ ምድር ቤትና የታችኛው አልጋ እንዲሰጣችሁ ያኔውኑ አመልክቱ።

ክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያው ሰዓት

ሻንጣ ከመፍታት በፊት የንብረት ቅጹን ያዙና ቁጠሩ። ፕሮክተሩ የሚያስፈርማችሁ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሎከር፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የመስኮት መስታወትና ቁልፍ ለመረከባችሁ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ (ከንብረት ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ሲጠየቅ የጎደለው በእናንተ ላይ ይታሰባል። የተሰበረ መስታወት፣ እግሩ የተነቀለ ወንበር፣ መዝጊያው የማይገጥም ሎከር ካለ ከመፈረም በፊት ቅጹ ላይ በጽሑፍ ይግባ፤ ፎቶም አንሱት። "ችግር የለም፣ በኋላ ይሠራል" የሚለው የቃል ተስፋ ፕሮክተሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

አልጋ ለመምረጥ ዕድሉ ካላችሁ፣ የላይኛው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል ምክንያቱም እንግዳ አይቀመጥበትም፤ ግን አምፖሉ ፊት ላይ ነው፣ ሌሊት መውረድም አለ። የታችኛው ለመውጣት ለመግባት ይመቻል፣ ሆኖም የዶርሙ ሶፋ መሆኑን ተቀበሉ። የትኛውም ቢሆን አልጋውን በሁለት እጅ ነቅንቁት፤ ቢወዛወዝ ብሎኑ ላልቷል። የላይኛው አልጋ ርብራብ የተሰበረ ወይም ከብረቱ የወጣ ከሆነ ሳይጠገን ማንም አይተኛበት፤ የሚወድቀው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው።

አሁን ፍራሹ። ትኋን በዶርም ትልቁ የእንቅልፍ ጠላት ነው፤ ክረምቱን ክፍሉ ባዶ መክረሙም አያጠፋውም፣ ያደገ ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የፍራሹን ስፌት ዙሪያውን፣ በተለይ አራቱን ማዕዘን፣ ቀጥሎ የአልጋውን ብረት መገጣጠሚያና የግድግዳውን ስንጥቅ ተመልከቱ። የምትፈልጉት በእስክሪብቶ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ፣ ቀጭን የቆዳ ገለፈት፣ ነጭ ፍሬ መሳይ እንቁላል ነው።

ከተገኘ ዶርሙ ሁሉ በአንድ ቀን ይነሳ። አንድ አልጋ ብቻ ማጽዳት ትኋኑን ወደ ጎረቤት አልጋ ማሸጋገር ነው። ፍራሾቹን አውጥታችሁ ስፌታቸውን በጠንካራ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ፀሐይ ላይ አውሏቸው። ፀሐይ ብቻዋን ግን አትጨርስም፣ የፍራሹ መሐል በደንብ አይሞቅም። የአልጋውን ብረት መገጣጠሚያ ከካፌ (ከተማሪዎች መመገቢያ) በተለመነ የፈላ ውኃ ቀስ ብላችሁ አጥቡ፤ እንቁላሉን የሚገድለው እሱ ነው። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራውን እንደገና ድገሙት፣ ያመለጠው እንቁላል የሚፈለፈለው በዚያ መሐል ነው። ብዙ ዶርም በመጀመሪያው ዙር ደስ ብሎት ሁለተኛውን ስለሚተው በጥቅምት የጀመረው ታኅሣሥ ላይ ይመለሳል። ነጭ ጋዝ መቀባት እሳት ያስነሳል። ለእህል የተሠራ መርዝ ፍራሽ ላይ መርጨትም የሚጎዳው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰውን ሰው ነው። ርጭት ካስፈለገ በፕሮክተሩ በኩል ይጠየቅ፤ ብሎኩ በሙሉ ይረጫል።

ምዝገባ፣ ሚል ካርድ፣ ኮስት ሼሪንግ

ሬጅስትራር ጋ ሰልፉ የሚከብደው በመጀመሪያው ጧት ነው። መታወቂያ ቁጥራችሁን እንዳገኛችሁ ስልካችሁ ላይም ወረቀት ላይም ጻፉት፤ ካፌ፣ ላይብረሪ፣ ክሊኒክ ሁሉም በሱ ይሠራሉ። ሚል ካርድ (የካፌ መመገቢያ ካርድ) ስትቀበሉ ስምና ፎቶ ልክ መሆኑን እዚያው እዩ። ለሌላ ሰው ማዋስ ካርዱን ሊያስነጥቅ ይችላል። ከጠፋ በዚያው ቀን አመልክቱ፣ እስኪተካ ድረስ በምን እንደምትመገቡም አብራችሁ ጠይቁ።

የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውልም ትፈርማላችሁ። የምግብና የዶርም ወጪን እንዲሁም የትምህርቱን ከፊል ወጪ ከተመረቃችሁ በኋላ ከገቢያችሁ እንደምትከፍሉ የምትስማሙበት ውል ስለሆነ አንብባችሁ ፈርሙ። የእናት ሙሉ ስም፣ የወላጅ አድራሻ፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤትና ያጠናቀቃችሁበት ዓመት ስለሚጠየቅ ከቤት ሳትወጡ ጽፋችሁ ያዙ። ውሉ ላይ ምግብን በዓይነት ወይስ በገንዘብ ትወስዳላችሁ የሚል ምርጫ አለ፤ ካፌ ወይስ ነን ካፌ መሆን የሚባለው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ እንድትሆኑ እንመክራለን። ለነን ካፌ የሚሰጠው ገንዘብ ውጪ ሦስት ጊዜ ለመብላት አይበቃም፤ የሚቻላቸው ከቤት ተጨማሪ የሚላክላቸው ወይም በጋራ የሚበሉ ናቸው። የውሉን አንድ ኮፒ ከሰነዶቻችሁ ጋር አኑሩ።

ካፌ ላይ ሦስቱን የመመገቢያ ሰዓቶች በመጀመሪያው ቀን ጻፉ። ማለቂያው ላይ የደረሰ ሰው ወጡ አልቆ ይደርሳል። የራሳችሁን ማንኪያና ኩባያ መያዝ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀራል። ሆድ ከተበላሸ አንድ ከረጢት ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ ቀስ በቀስ መጠጣት፤ ደም ካለበት ወይም ትኩሳት ከታከለበት ወዲያው ክሊኒክ።

መብራትና ውኃ

አንድ ሶኬት ለስምንት ሰው ሲሆን የኤክስቴንሽን ነገር መታሰብ አለበት። ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። ስምንት የስልክ ቻርጀር፣ እያንዳንዱ 20 ዋት ቢወስድ፣ 160 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ከ1 አምፔር በታች። አንድ 2,000 ዋት ውኃ ማፍያ ግን ብቻውን 9 አምፔር ይስባል። በቀጭን ገመድ፣ ያውም ተጠቅልሎ አልጋ ስር የተቀመጠ ከሆነ፣ ገመዱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ፍራሽ አጠገቡ ነው። ኤክስቴንሽኑ ለስልክና ለላፕቶፕ ብቻ ይሁን፤ ተዘርግቶ፣ ከአልጋ ርቆ፣ ውኃ ከማይነካው ቦታ። ኤክስቴንሽን ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን አይሰካ። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ወይም የሚጤስ ከሆነ ነቅላችሁ ለፕሮክተሩ ንገሩ።

ውኃ የሚመጣበትን ሰዓት ብሎኩ ውስጥ የቆዩ ሲኒየሮች ያውቃሉ፤ ብዙ ቦታ ሌሊት ነው። ለዶርሙ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጋራ ግዙ፣ አንዱ ለመጠጥ አንዱ ለመጸዳጃ፤ እንዳይቀላቀሉ አንዱ አንገት ላይ ቀይ ክር እሰሩ። የመጠጡን በውኃ አጋር አክሙት፦ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ። የደፈረሰ ውኃ ከሆነ መጀመሪያ አስጠልሉት፤ ጭቃው የመድኃኒቱን ኃይል ይበላዋል።

ልብስ ለማጠብ ለአምስት ልብስ 15 ሊትር ያህል ይበቃል፤ አምስቱ በኦሞ ለመዘፍዘፍ፣ አሥሩ ለሁለት ዙር ማለቅለቅ። ግማሽ ሰዓት የተዘፈዘፈ ልብስ ብዙ መታሸት አይፈልግም። በሁሉም ልብሳችሁ አንገትጌ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር ስፉበት፣ ሰማያዊ ጂንስ በግቢው ሞልቷል። ሲሰጣ ደግሞ ሃንድአውት ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ልብስንም ጊዜንም ያድናል። ፎጣ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ መዋዋስ እከክን ከአልጋ ወደ አልጋ ያዞረዋል። አንድ ሰው ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ካለው፣ ክሊኒኩ ለዶርሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሕክምና እንዲሰጥ ጠይቁ፤ አንዱ ብቻ ከታከመ ከሌላው ይመለስበታል።

ሞዴስ መጸዳጃ ቀዳዳ ውስጥ ከተጣለ ቱቦው ይዘጋል፤ ብሎኩ ሁሉ መጸዳጃ ያጣል። ክዳን ያለው የቆሻሻ ቅርጫት በጋራ ይገዛ።

የዶርም ስምምነት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ነው። ሁሉም ከገቡ በኋላ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምሽት፣ ከቤት የመጣውን ስንቅ አቅርባችሁ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት ያልመጡ ይኖራሉ፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ከቆየ ደግሞ ቅሬታ ይጠራቀምና ንግግሩ ክስ ይመስላል። ገና ማንም ማንንም ሳያስቀይም "እንዴት እንኑር?" ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። አንዱ ይጻፍ፣ ወረቀቱ ከበሩ ጀርባ ይለጠፍ።

የመብራት ሰዓት፦ ለምሳሌ ማታ 5 ሰዓት ዋናው አምፖል ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ማንበብ የፈለገ ላይብረሪ ይሄዳል ወይም የራሱን ትንሽ መብራት ይጠቀማል። በፈተና ሰሞን ሰዓቱ እንደሚቀየር ያኔውኑ ተስማሙ።

ስልክ፦ ሙዚቃና ቪዲዮ በኢርፎን። ከመብራት መጥፋት በኋላ ጥሪ ኮሪደር ላይ። አላርም አንዴ ይጮኻል፤ ደጋግሞ የሚያስጮኸው ሰው ስልኩን ትራሱ ስር ያድርግ።

ጽዳት፦ ተራው በአልጋ ቁጥር ይሂድ፤ በየቀኑ መጥረግ፣ ቅዳሜ ሁሉም በጋራ ማጠብ። "የቆሸሸበት ያጽዳ" የሚለው ሕግ በሥራ አይውልም፤ ማን እንዳቆሸሸ መከራከር ከመጥረጉ በላይ ይፈጃል።

ቁልፍ፦ አንድ ቁልፍ ለስምንት ሰው ከተሰጠ በፕሮክተሩ ፈቃድ አስቀርጹ። የመጨረሻው የወጣ ይቆልፋል። ላፕቶፕና ስልክ በተኛ ሰው "ጥበቃ" አልጋ ላይ አይተውም፤ ሎከር ውስጥ በጓጉንቸር።

ጾምና ምግብ፦ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚኖሩበት ዶርም ሥጋ ነክ ስንቅ፣ ቋንጣም ቢሆን፣ ለብቻው ዕቃ ይኑረው፤ ሲጋበዙም ምን እንደሆነ ይነገር። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም የፍስክ ሽታ፣ በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ መብላት ጓደኛን እንዳያስቸግር ማሰብ ተገቢ ነው። ለሰላትና ለጸሎት የሚነሳ ሰው ሌሊት አምፖል አያበራም፤ ሌላው ደግሞ በዚያች አፍታ ዝም ይላል።

ቋንቋ፦ በዶርሙ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ ተናጋሪዎች ሊገናኙ ይችላሉ። በእናት ቋንቋ ማውራት የማንም መብት ነው። ሁሉን የሚመለከት ጉዳይ ሲነሳ ግን ሁሉ በሚገባው ቋንቋ ይሁን፤ ማንም ስለ እኔ ያወራሉ ብሎ እንዳይጠረጥር። በብሔርና በፖለቲካ የሚነሳ የማታ ክርክር ላይም አስቀድማችሁ አንድ ቃል ተዋዋሉ፦ አንዱ "ይብቃ" ካለ ይበቃል።

ብድር፦ ከተበደሩ መቼ እንደሚመለስ ቀን ይጠራ። ጥፋት ሲፈጠር መጀመሪያ ለብቻ ለሰውየው ይነገር፣ ቀጥሎ በዶርሙ ፊት፣ ከዚያ ወደ ፕሮክተሩ። በቴሌግራም ግሩፕ የተጀመረ የዶርም ጠብ በዕርቅ ሲያልቅ አይታይም።

ትምህርቱ ሲጀምር

ፕሮግራም ሲለጠፍ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በውጭው አረጋግጡ። 8፡30 የተባለው የጧቱ 2፡30 ነው ወይስ የከሰዓቱ 8፡30? በዚህ ብቻ የመጀመሪያውን ክፍል የሚያመልጠው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ሴክሽናችሁን፣ የክፍሉን ቁጥርና ሕንፃውን አንድ ቀን ቀድማችሁ በእግር ሄዳችሁ እዩ። የሴክሽን ተጠሪውን ስልክ ያዙ፤ ሃንድአውትና የፈተና ለውጥ የሚመጣው በሱ በኩል ነው። የስፖርት ትጥቅ የተጠየቃችሁት ለፊዚካል ፊትነስ ኮርስ ስለሆነ ሎከር ስር አትቅበሩት።

ዲፓርትመንት ስትመርጡ የሚታየው የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ስለሆነ ንባቡ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። ዶርም ለመተኛት ነው፤ ለንባብ ላይብረሪ ውስጥ ቋሚ ሰዓት ያዙ። በየቀኑ ማታ ሁለት ሰዓት የያዘ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ መቸከል አይገባውም።

ናፍቆት በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይበረታል፤ ምዝገባው ሲያልቅ፣ ሩጫው ሲቆም። ወደ ቤት የሚደወልበት ቋሚ ሰዓት አድርጉ፣ ለምሳሌ እሑድና ረቡዕ ማታ፤ በየሰዓቱ መደወል ሆድን ያባባል፣ ወላጅንም ያስጨንቃል። ዶርም ውስጥ ለቀናት ካፌ የማይሄድ፣ ከአልጋ የማይነሳ ሰው ካያችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ይዛችሁት ብሉ፣ ካልተሻለው ከክሊኒኩ ወይም ከምክር አገልግሎት ቢሮው ጋር አገናኙት። ሌሊት የታመመ ሲኖር ደግሞ አንዱ ከታማሚው ጋር ይቆያል፣ አንዱ ፕሮክተሩን ይጠራል፣ አንዱ የታማሚውን መታወቂያ ይይዛል፤ መታወቂያው ክሊኒክ ላይም ሪፈር ሲባልም ይጠየቃል። የፕሮክተሩን፣ የክሊኒኩንና የእያንዳንዱን ተማሪ ወላጅ ስልክ ቁጥር እዚያው ከበሩ ጀርባ ባለው ወረቀት ግርጌ ጻፉት።